እያንዳንዱ ፊቸር የማንን ችግር ይፈታል? የተጠቃሚን ፍላጎት ከሶፍትዌር ፊቸር ጋር የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

ሶፍትዌሩ አለቀ። ውሉ ላይ የተዘረዘረው ፊቸር (ሶፍትዌሩ የሚሰጠው አገልግሎት) በሙሉ ተሠርቷል። ቴስቱም አልፏል፤ ርክክቡም ተፈርሟል። ከወራት በኋላ ሄዳችሁ ስታዩ ግን ሠራተኞቹ ወደ ድሮው ኤክሴላቸው ተመልሰዋል።

እንዲህ ሲሆን ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ ደቨሎፐሩ ላይ ነው። አለዚያም "ተጠቃሚው ለውጥ አይወድም" ይባላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ፍርዶች ሰው ይበድላሉ። ነገሩ የተበላሸው አንድ መስመር ኮድ ከመጻፉ በፊት ነው። ሰዎቹ "ይሄ ይሠራልን" ያሉት ሁሉ እንዳለ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ለምን እንደፈለጉት ግን የትም አልተጻፈም። ምክንያቱ ከጠፋ ደግሞ ፊቸሩ በትክክል ተሠርቶም ላይጠቅም ይችላል።

ይህ መመሪያ ፍላጎትን ከፊቸር ጋር አንድ በአንድ እንዴት እንደምታገናኙ ያሳያል። ለቢዝነስ አናሊስት፣ ለፕሮጀክት መሪ፣ ሪኳየርመንት (ሶፍትዌሩ ሊያሟላ የሚገባውን ነገር) ራሱ ሰብስቦ ራሱ ለሚሠራ ደቨሎፐርም ይሆናል። ልዩ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል። እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ አንድ የሕክምና ተቋም አሮጌውን የቀጠሮ ሲስተም በአዲስ ሊተካ ነው።

ከመጀመራችን በፊት፦ ሦስቱን አትደባልቁ

ፍላጎት ሰው በሥራው ላይ የሚቸገርበት ነገር ነው። ሶፍትዌር ኖረም አልኖረም ችግሩ አለ። "ታካሚዎች ቀጠሯቸውን ረስተው ይቀራሉ" የሚለው ፍላጎት ነው።

ፊቸር ያንን ችግር ለማቃለል ሲስተሙ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። "ሲስተሙ ቀጠሮውን ለታካሚው በኤስኤምኤስ ያስታውሳል።"

ዝርዝር ሪኳየርመንት ደግሞ ደቨሎፐሩ የሚሠራበት፣ ቴስተሩም የሚፈትንበት ዓረፍተ ነገር ነው። "መልእክቱ ከቀጠሮው 24 ሰዓት ቀድሞ ይላካል።"

ይህን አከፋፈል እኔ አላመጣሁትም። በ1990ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተስፋፋው አርዩፒ የተባለው የሶፍትዌር አሠራር ዘዴ እነዚህን ሦስት እርከኖች ለይቶ ያስቀምጣል። አይኤስኦ፣ አይኢሲና አይትሪፕልኢ የተባሉት ስታንዳርድ አውጪ ተቋማት በጋራ ያወጡት 29148 የተባለው ስታንዳርድም የባለድርሻዎችን ሪኳየርመንት ከሲስተሙና ከሶፍትዌሩ ሪኳየርመንት ለይቶ ነው የሚያየው። መጀመሪያ የወጣው በ2011 ሲሆን በ2018 ተሻሽሏል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ችግሩ በአንድ ወገን፣ መፍትሔው በሌላ ወገን ይቀመጥ።

ደረጃ 1፦ ባለፍላጎቶቹን በስም ለዩ

"ተጠቃሚ" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ሲስተሙን ያዘዘው አንድ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚጠቀምበት ሌላ ነው። ሲስተሙን በእጁ ሳይነካ ውጤቱ የሚደርሰው ሦስተኛ ሰው ደግሞ አለ።

በምሳሌያችን ያዘዙት የተቋሙ ኃላፊ ናቸው። ቀጠሮ የምትይዘው ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ማታ ትጠቀምበታለች። ሐኪሙ በታካሚ መሀል ለአፍታ ያየዋል። ታካሚው ስክሪኑን አያየውም፤ ሲስተሙ ሲበላሽ ግን ወረፋ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ከርክክብ በኋላ ሲስተሙን የሚንከባከበው የአይቲ ባለሙያም አይረሳ። ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሁሉም ነገር ከተወሰነ በኋላ ነው።

ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሥራው ላይ ያለ ሰው አግኙ። "የሐኪሞቹን ፍላጎት እኔ አውቃለሁ" የሚል ኃላፊ ቢኖርም ሐኪሙን ራሱን አግኙት።

ደረጃ 2፦ ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ፈልጉ

ከጠቅላላው ሥራ በጣም የምጓጓለት ይሄ ደረጃ ነው። ጊዜ የምትቆጥቡ ከሆነ ሌላ ቦታ ቆጥቡ፤ እዚህ ግን አትቸኩሉ።

ሰው ፍላጎቱን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ራሱ ያሰበውን መፍትሔ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም። ችግሩን ለብዙ ጊዜ ኖሮበታል፤ መውጫውንም አስቦበታል። የእናንተ ሥራ መፍትሔውን በአክብሮት ተቀብሎ ወደ ችግሩ መመለስ ነው።

የቀጠሮ ሠራተኛዋ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው እንበል፦ "ትልቅ የፕሪንት በተን ይኑረው።" ወዲያው ዝርዝሩ ላይ ጽፎ ማለፍ ይቻላል። ትንሽ ብንቆይ ግን ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

"ፕሪንት የሚያደርጉት ምኑን ነው?"

"የዕለቱን የቀጠሮ ዝርዝር።"

"ዛሬ ጠዋት ያወጡትን ወረቀት ከዚያ ምን አደረጉት?"

"ለሐኪሞቹ በየክፍላቸው አደረስኩ።"

"እነሱ ሲስተሙ ላይ አያዩትም?"

"እንዴት ያያሉ? ትንሽ ከቆየ ያስወጣቸዋል። ለእያንዳንዱ ታካሚ እንደገና ፓስወርድ ማስገባት ሰለቻቸው።"

"ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ሰው ቀጠሮ ቢሰርዝስ?"

"እስክሪብቶ ይዤ በየክፍሉ እዞራለሁ።"

አሁን ነገሩ ተገለጠ። ጥያቄው የፕሪንት ነበር፤ ችግሩ ግን የሐኪሙ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ አንዱን ታካሚ ሸኝቶ ሌላውን እስኪቀበል ባለው አጭር ጊዜ ቀጥሎ ማን እንደሚገባ ማወቅ አልቻለም። የፕሪንት በተኑ ብቻ ተሠርቶ ቢሆን ሠራተኛዋ በአዲሱ ሲስተምም በየክፍሉ መዞሯን ትቀጥል ነበር።

"ለምን" ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅ ከቶዮታ የመጣ የታወቀ ዘዴ ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን "ለምን? ለምን?" እየተባለ ሲደጋገም ሰውን ያስጨንቃል። የፖሊስ ምርመራ ይመስላል። ከላይ ያለውን ንግግር ልብ በሉ፤ "ለምን" የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። የሚሻለው ስለ እውነተኛ ቀን መጠየቅ ነው። "ዛሬ ጠዋት ምን አደረጉ?" "ከዚያስ?" "ይህ ባይኖር ሥራው እንዴት ይሄዳል?" ሰው ስለ አጠቃላይ ልማዱ ሲጠየቅ መሆን ያለበትን ይናገራል። ስለ ዛሬ ጠዋት ሲጠየቅ ግን የሆነውን ይናገራል።

ከተቻለ ከመጠየቅ በፊት ተቀምጣችሁ እዩ። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ብጣሽ ወረቀት፣ ከሲስተሙ ጎን ሁልጊዜ የሚከፈት ኤክሴል፣ ሠራተኞች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ምክንያት፦ እነዚህ ሁሉ አፍ አውጥተው የሚናገሩ ያልተሟሉ ፍላጎቶች ናቸው።

ደረጃ 3፦ ፍላጎቱን ሲስተም ሳትጠሩ ጻፉ

ጥሩ የፍላጎት ዓረፍተ ነገር ማን፣ በምን ሁኔታ፣ ምን እንደቸገረውና ምን እንደሚያስከትልበት ይናገራል። መፍትሔ አይጠራም። ስክሪን፣ በተን፣ ሪፖርት፣ አፕ የሚሉ ቃላት ከገቡ መፍትሔ ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። "ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ባይኖርም ይህ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ይሰጣል?" ብላችሁ ጠይቁ።

"ኃላፊዋ ዳሽቦርድ (ዋና ዋና ቁጥሮችን በአንድ ላይ የሚያሳይ ገጽ) ያስፈልጋቸዋል" ፈተናውን ይወድቃል። "ኃላፊዋ ሳምንታዊውን የሥራ ፈረቃ ሲመድቡ ባለፈው ሳምንት ስንት ታካሚ እንደቀረ ስለማያውቁ በግምት ይመድባሉ" ያልፋል። ሁለተኛው ረዘም ይላል፤ ግን ሥራ የሚሠራበት ነው። ከዳሽቦርድ ይልቅ በየሳምንቱ የሚላክ አንድ አጭር ኢሜይል ሊበቃ እንደሚችልም ወዲያው ያሳያል።

በአጃይል፣ ማለትም ሥራውን በአጫጭር ዙር ከፋፍላችሁ የምትሠሩ ከሆነ "እንደ ሐኪም፣ ይህን እፈልጋለሁ፣ ይህን አደርግ ዘንድ" የሚለውን የዩዘር ስቶሪ አጻጻፍ ታውቁታላችሁ። በ2001 አካባቢ እንግሊዝ ውስጥ ኮኔክስትራ በተባለ ድርጅት የተጀመረ ነው። መሀል ያለው "እፈልጋለሁ" የሚለው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ፊቸር ነው። ፍላጎቱ የተቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። በችኮላ የሚዘለለው ወይም "ሥራዬን እሠራ ዘንድ" ተብሎ የሚሞላውም ያው የመጨረሻው ክፍል ነው። ከዚያ ጀምራችሁ ጻፉ።

በእያንዳንዱ ፍላጎት ጎን ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛው ከማን እንደተገኘ ነው። ሁለተኛው አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ ለምሳሌ በሳምንት ስንት ታካሚ ይቀራል። ቁጥሩ ዛሬ በእጃችሁ ከሌለ ማን እንደሚቆጥረው ጻፉ። ይህ መለኪያ ከርክክብ በኋላ በጣም ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 4፦ ለአንድ ፍላጎት ከአንድ በላይ መፍትሔ አቅርቡ

አሁን ወደ መፍትሔው ወገን ተሻገርን። የመጀመሪያው ሐሳብ ጥሩ ስለመሰለ ብቻ አትቀበሉት። ለእያንዳንዱ ዋና ፍላጎት ሁለት ሦስት አማራጭ አስቡ። ከነዚህ አንዱ ሶፍትዌር የማይነካ ይሁን።

ለሐኪሙ ችግር ምን አማራጭ አለ? የዕለቱን ተራ ብቻ የሚያሳይና በራሱ የሚታደስ ገጽ በክፍሉ ውስጥ ክፍት ማድረግ ይቻላል። ፓስወርዱን በመታወቂያ ካርድ በመንካት መተካትም ይቻላል። ወይም ሲስተሙ ሰውን የሚያስወጣበትን ጊዜ ማራዘም ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ሴቲንግ መቀየር ብቻ ስለሆነ በጣም ቀላሉ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ ክፍሉን ለቆ ሲወጣ የታካሚ መረጃ ክፍት ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ ዋጋ አለው። አማራጮቹ ጎን ለጎን ካልቀረቡ ዋጋቸው አይታይም።

ስለ ፊቸሩ መጠንም አንድ ነገር ልበል። "የተሟላ የታካሚ አስተዳደር" ፊቸር አይባልም፤ ምን እንደሚሠራ አይታወቅማ። "የማስቀመጫ በተኑ ቀኝ ጥግ ይሆናል" ደግሞ በጣም ወርዷል። አንድ ፊቸር ለተጠቃሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር የሚችል፣ ሰምቶም "ገባኝ፣ ይጠቅመኛል" ወይም "አይጠቅመኝም" ሊልበት የሚችል መሆን አለበት። ዝርዝራችሁ መቶዎች ውስጥ ከገባ አብዛኛው ወደ ዝርዝር ሪኳየርመንት ወርዷል ማለት ነውና ሰብሰብ አድርጉት።

ደረጃ 5፦ ሰንጠረዡን ሥሩና አንብቡት

ፍላጎቶችን በቁጥር፣ ፊቸሮችን በፊደል ሰይሙ። እንዲህ ከሆነ በስብሰባ ላይ "3 እና ሐ" ስትሉ ማንም አይምታታበትም።

ፍላጎቶቻችን፦ 1) ሐኪሙ ቀጥሎ የሚገባውን ታካሚ በፍጥነት ማወቅ አልቻለም። 2) ታካሚዎች ቀጠሯቸውን ይረሳሉ። 3) መምጣት ያልቻለ ታካሚ ቀድሞ ስለማያሳውቅ ቦታው ለሌላ አይደርስም። 4) ኃላፊዋ የቀሩትን ቁጥር ስለማያውቁ ፈረቃ በግምት ይመድባሉ። 5) ኔትወርክ ሲቋረጥ የዕለቱ ሥራ ይቆማል።

ፊቸሮቻችን፦ ሀ) በሐኪሙ ክፍል በራሱ የሚታደስ የተራ ገጽ። ለ) የኤስኤምኤስ ማስታወሻ። ሐ) ታካሚው ለኤስኤምኤሱ መልስ በመላክ ቀጠሮውን መሰረዝ መቻሉ። መ) ሳምንታዊ የቀሪዎች ሪፖርት። ሠ) የሐኪሞች የእርስ በርስ ቻት።

በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ራይት ምልክት አታድርጉ። ራይት "ግንኙነት አለው" ይላል እንጂ ምን ያህል እንደሚፈታው አይናገርም። ችግሩን በቀጥታ ከፈታ 3፣ ካገዘ 1፣ ካልነካው ባዶ ይሁን። አንዱን ፍላጎት እየረዳ ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ የመቀነስ ምልክት አድርጉ።

| ፍላጎት | ሀ | ለ | ሐ | መ | ሠ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | 3 | | | | |
| 2 | | 3 | | | |
| 3 | | 1 | 3 | | |
| 4 | | | | 3 | |
| 5 | | | | | |

በቁጥር ማመዛዘኑ ከጃፓን የፋብሪካ ዓለም የመጣ ነው። ዮጂ አካኦ የተባሉት ምሁር በ1960ዎቹ መጨረሻ ኪውኤፍዲ የሚባለውን ዘዴ ማዳበር ጀመሩ። በ1972 ደግሞ የሚትሱቢሺ የኮቤ መርከብ መሥሪያ የደንበኛን ፍላጎት ከምርቱ ባሕርይ ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ሥራ ላይ አዋለ። እነሱ በብዛት 9፣ 3 እና 1 ነው የሚጠቀሙት። ለመካከለኛ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ግን ሁለት ቁጥር ይበቃል ባይ ነኝ። ቁጥሩ ሲበዛ ክርክሩ ስለ ቁጥሩ ይሆናል።

አሁን ሰንጠረዡን እናንብበው። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ታች።

ረድፍ 5 ባዶ ነው። ፍላጎቱ ተመዝግቧል፤ የሚመልስለት ግን የለም። ሦስት ምርጫ አላችሁ፦ ፊቸር መፈለግ፣ ከሶፍትዌር ውጭ መፍትሔ ማስቀመጥ፣ ወይም "በዚህ ዙር አንመልሰውም" ብሎ ለባለቤቱ በግልጽ መንገር። ዝም ብሎ ማለፍ ምርጫ አይደለም።

እዚህ ላይ ያ የፕሪንት በተን ተመልሶ ይመጣል። በየጠዋቱ የዕለቱ ዝርዝር በወረቀት ቢወጣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራው አይቆምም። ስለዚህ "ረ) የዕለቱን ዝርዝር ማተሚያ" የሚል ዓምድ እንጨምራለን። ለፍላጎት 1 ደካማ ነውና 1 እንሰጠዋለን፤ ለፍላጎት 5 ግን 3። ፊቸሩ ያው ነው፤ ምክንያቱ ግን ተቀየረ። ምክንያቱ ሲቀየር አሠራሩም ይቀየራል። ለፍላጎት 1 ቢሆን ሠራተኛዋ በፈለገች ጊዜ የምትጫነው በተን ነበር። ለፍላጎት 5 ሲሆን ግን ኔትወርኩ ከመቋረጡ በፊት መታተም አለበት፤ ስለዚህ ሲስተሙ ራሱ በየጠዋቱ ማዘጋጀት ይኖርበታል። የታካሚው ስልክ ቁጥርም ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት። ፊቸርን ከነምክንያቱ መያዝ የምለው ለዚህ ነው።

ዓምድ ሠ ባዶ ነው። ቻቱን ማን አመጣው? አትሰርዙት፤ መጀመሪያ ያመጣውን ሰው ጠይቁ። ያልሰማነው ፍላጎት ሊኖር ይችላል፤ ከሆነ አዲስ ረድፍ ይጨመርለታል። ወይም ሕግ ወይም ደኅንነት የሚያስገድደው ነገር ሊሆን ይችላል። ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ ሎግ፣ ባክአፕና የመሳሰሉት እንዲህ ናቸው። እነዚህ ባለቤት የላቸውም ማለት አይደለም፤ ባለቤታቸው የአይቲ ክፍሉ ወይም ተቆጣጣሪው አካል ነው። ሦስተኛው ዕድል ግን "ሌላ ሲስተም ላይ አይቼው ደስ አለኝ" የሚለው ነው። ይህ ከዝርዝሩ ይውጣ። ላመጣው ሰው ምክንያቱን በአክብሮት ንገሩት።

በተጨማሪ እነዚህን ተመልከቱ። በ1 ብቻ የተሞላ ረድፍ ያታልላል፤ ሦስት እገዛ ተደምሮ አንድ መፍትሔ አይወጣውም። በአንድ 3 ብቻ የቆመ ረድፍ ደግሞ ያ ፊቸር ከተሰረዘ አብሮ ይወድቃል፤ በቀለም ለዩት። ከላይ እስከ ታች 3 የተሞላ ዓምድ ካያችሁ ፊቸሩ ከመጠን በላይ ሰፍቷል፤ ለሁለት ሦስት ክፈሉት።

የመቀነስ ምልክቱንም አትናቁ። የተራው ገጽ በመጠበቂያ አዳራሽ ትልቅ ስክሪን ላይ ይታይ ቢባል ወረፋውን ያቀላል፤ የታካሚውን ስም ግን ለሁሉም ያሳያል። ይህ ግጭት ዛሬ በሰንጠረዥ ላይ ቢወጣ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስም ፈንታ የተራ ቁጥር ይታይ። ከርክክብ በኋላ ቢታወቅ ግን አቤቱታ ይዞ ነው የሚመጣው።

ፍጥነት፣ ምሥጢራዊነት፣ አስተማማኝነትና የመሳሰሉት በአንድ ዓምድ አይወሰኑም። ሁሉንም ፊቸር ይነካሉ። ከሰንጠረዡ በታች ለብቻ ጻፏቸው፤ በቁጥርም ይገለጹ። "ሲስተሙ ፈጣን ይሁን" ለክርክር በር ይከፍታል፤ "የተራው ገጽ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ይከፈት" ግን ይለካል።

ደረጃ 6፦ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሱ

ሰንጠረዡን ለተጠቃሚዎች አሳይታችሁ "ትስማማላችሁ?" ብትሉ አዎ ይላሉ። ይህ አዎታ ብዙ አይጠቅማችሁም። በሰንጠረዥ ፈንታ አንድ የሥራ ቀን ተርኩላቸው። "ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሰባት ታካሚ ተቀምጧል። አንዱ መልእክት ልኮ ሰርዟል። አሁን ምን ያያሉ? ምን ያደርጋሉ?" በወረቀት ላይ የተሣለ ስክሪን ካላችሁ አስነኳቸው።

ሠራተኛዋ "የሰረዘውን ቦታ ለማን ልስጠው ታዲያ?" ካለች ጎደሎ አገኛችሁ። ፊቸር ሐ ለፍላጎት 3 የተሰጠው 3 ተገቢ አልነበረም። ስረዛው ቦታውን ባዶ ያደርጋል እንጂ ለሌላ አያደርስም። ወደ 1 ይውረድ፤ "ሰ) የተጠባባቂዎች ዝርዝር" የሚል ዓምድ ይጨመር። ይህን በወረቀት ደረጃ ማግኘት ከፍተኛ ትርፍ ነው።

ደረጃ 7፦ ቅደም ተከተል ስጡ

በጀትም ጊዜም ሁሉን አይበቃም። ሞስኮው የሚባለው ዘዴ ፊቸሮችን በአራት ይከፍላል፦ የግድ፣ ቢኖር የሚገባ፣ ቢኖር ጥሩ፣ በዚህ ዙር የማይሠራ። ዳይ ክሌግ የተባለ ባለሙያ በ1994 ኦራክል በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ሲሠራ ያመጣው ነው። ችግሩ ሁሉም ሰው ሁሉንም "የግድ" ማለቱ ነው። ዘዴውን በስፋት የሚጠቀመው ዲኤስዲኤም የተባለው የፕሮጀክት አመራር ዘዴ "የግድ" የተባሉት ከጠቅላላው ድካም 60 በመቶ እንዳይበልጡ ይመክራል። ይህን ገደብ ከስብሰባው በፊት አስቀምጡ፤ መሀል ላይ ለማስገባት ከባድ ነው።

ጃፓናዊው ኖሪያኪ ካኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1984 ያቀረቡት ሞዴልም ይረዳል። ስለ እያንዳንዱ ፊቸር ሁለት ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፦ ቢኖር ምን ይሰማዎታል? ባይኖርስ? አንዳንድ ነገር ሲኖር ማንም አያመሰግንም፤ ሲጠፋ ግን ሁሉም ይቆጣል። ቀጠሮው በትክክል መቀመጡ እንዲህ ነው። ሌላው ሲኖር ያስደስታል፤ ባይኖርም ማንም አያጉረመርምም። መጀመሪያ የሚያስቆጣውን ዝጉ።

አንድ ፊቸር ይቀነስ ሲባል ሁልጊዜ ሰንጠረዡን ክፈቱና "የትኛው ረድፍ ባዶ ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሐን እንሰርዝ" ማለት ለኃላፊዋ ቀላል ነው። "ሐን ከሰረዝን ታካሚው ቀድሞ የሚያሳውቅበት መንገድ አይኖርም፤ ተጠባባቂዎቹም ቦታ አያገኙም" ሲባል ውሳኔው ዓይን ተገልጦ የሚወሰን ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ሰንሰለቱን እስከ ቴስት አድርሱ

የተመረጠው ፊቸር አሁን ወደ ዝርዝር ሪኳየርመንት ይወርዳል። ፊደሉን ይዞ ይውረድ። ለ-1፦ መልእክቱ ከቀጠሮው 24 ሰዓት ቀድሞ ይላካል። ለ-2፦ ቀጠሮው ከተሰረዘ መልእክቱ አይላክም። ለ-3፦ መልእክቱ ካልደረሰ ለቀጠሮ ሠራተኛዋ ይታያል። ቴስቱም ያንኑ ቁጥር ይይዛል። አንድ ቴስት ሲወድቅ የማን ችግር ሳይፈታ እንደቀረ በአንድ እይታ ታውቃላችሁ።

ተመራማሪዎቹ ኦርሌና ጎተልና አንቶኒ ፊንክልስታይን በ1994 ይህን ነገር ሲያጠኑ ሪኳየርመንትን ወደ ፊትም ወደ ኋላም መከተል መቻል አለብን ብለው ነበር። ወደ ፊት የሚሄደውን፣ ማለትም ከሪኳየርመንት ወደ ኮድና ቴስት ያለውን ብዙ ቡድን ይይዘዋል። የሚጠፋው ወደ ኋላ፣ ወደ ሰውየው የሚመልሰው ነው። ለ-3 ለምን እንደተጻፈ የሚያውቀው አናሊስት ሥራ ሲለቅ ምክንያቱ አብሮት እንዳይሄድ በደረጃ 3 የጻፋችሁትን፣ ከማን እንደተገኘ የሚናገረውን መረጃ አትሰርዙ።

ደረጃ 9፦ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ፣ ከርክክብም በኋላ

ሥራው ተጋምሶ "ይህችንም ጨምሩልን" መባሉ አይቀርም። መልሱ እሺም እምቢም አይሁን። "የትኛው ረድፍ ላይ ነው?" በሉ። ያለ ረድፍ ላይ ከሆነ አሁን ካለው ፊቸር ይሻል እንደሆነ ይታያል። አዲስ ረድፍ ከሆነ ከደረጃ 2 ጀምሮ ይሄዳል፤ ትንሽ ጥያቄ ከሆነ የግማሽ ሰዓት ንግግር ይበቃዋል።

ከርክክብ በኋላ ደግሞ ፍላጎቱን ለኩ። በደረጃ 3 የጻፋችሁትን መለኪያ አውጡ። ኤስኤምኤሱ ይሄዳል፤ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። የቀሪ ታካሚዎች ቁጥርስ ቀነሰ? ካልቀነሰ ፊቸሩ ሠርቷል፤ ፍላጎቱ ግን እንዳለ ነው። ለ-3 ያወጣውን ያልደረሱ መልእክቶች ዝርዝር እዩ። ብዙ ስልክ ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ ችግሩ ምዝገባው ላይ ነው። መልእክቱ ደርሶም ሰዎቹ ከቀሩ መጀመሪያውኑ ረስተው አልነበረም ማለት ነው። ሰዓቱ አይመቻቸው ይሆናል፤ ወይም የሚያመጣቸው ሰው አጥተው ይሆናል። ያኔ የፍላጎት 2 ዓረፍተ ነገር ራሱ እንደገና ይጻፋል፤ ፊቸር ለ ያገኘው 3 ወደ 1 ይወርዳል፤ ከቀሩት ታካሚዎች ጥቂቶቹ ጋ ተደውሎም በዚያ ቀን ምን እንደሆነ ይጠየቃል።